በቤት ግመታ ሪፖርት ላይ ስለ ሰፈር መጻፍ፣ የኮምፕ ምርጫና የመድልዎ ተጠያቂነት

ሠልጣኝ_ሜሪላንድ
ሰላም ለሁላችሁ። በግመታ ሥራ ላይ ያላችሁ እንድትመልሱልኝ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ ቤት ሲገመት፣ በሪፖርቱ የሰፈር ክፍል ላይ «የኢትዮጵያውያን ሱቆች፣ ምግብ ቤቶችና ቤተ ክርስቲያን በቅርብ ያሉበት፣ ሀበሻ የሚወደው፣ ለቤተሰብ የሚመች ሰፈር» ብሎ መጻፍ ችግር አለው ወይ? ለቤቱ ጥሩ ለመናገር ነው እንጂ ማንንም የሚጎዳ አይመስለኝም። ሁለተኛ፣ ኮምፕ (ለዋጋ ማነጻጸሪያ የሚወሰድ የተሸጠ ቤት) ሲመረጥ ከትልቁ መንገድ ማዶ ያሉትን ቤቶች መተው የተለመደ ነው። ይህ መድልዎ የሚሆነው መቼ ነው? ሦስተኛ፣ ክስ ቢመጣ የሚጠየቀው ማን ነው? ሠልጣኙ፣ የሚፈርመው ተቆጣጣሪ ወይስ ሥራውን የላከው ድርጅት?

ባለ_ሜትር
የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። አዎ፣ ችግር አለው፤ ሳይላክ አውጣው።

የግመታ ሪፖርት የምንሞላበትን ቅጽ 1004ን ክፈትና የሰፈሩን ክፍል እይ። አናቱ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ታትማለች፦ ዘርና የሰፈሩ የዘር ስብጥር የግመታ መመዘኛ አይደሉም። ዘወትር ስለምናያት ዓይናችን ለምዷታል። ከሷ ሥር «ሀበሻ የሚወደው ሰፈር» ብለህ ከጻፍክ ራሱ ቅጹ ይመሰክርብሃል።

ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በቤት ጉዳይ መድልዎን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ፣ ፌር ሃውዚንግ ሕጉ፣ የወጣው በ1968 ነው። ያኔ የጠበቀው ዘርን፣ የቆዳ ቀለምን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን ነበር። ጾታ በ1974፣ አካል ጉዳትና የቤተሰብ ሁኔታ በ1988 ተጨመሩ፤ ባጠቃላይ ሰባት ናቸው። በ1988ቱ ማሻሻያ የመኖሪያ ቤት ግመታ ሕጉ ከሚገዛቸው ሥራዎች አንዱ መሆኑ በስሙ ተጠቅሶ ገባ። ከሱ ጎን የ1974ቱ የእኩል ብድር ሕግ ዕድሜን፣ የጋብቻ ሁኔታንና ከመንግሥት ድጎማ የሚገኝ ገቢን ይጨምራል። እኛ ገማቾች የምንመራበት የሙያ መመሪያ ዩስፓፕም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ በሥነ ምግባር ደንቡ ውስጥ ራሱን የቻለ የመድልዎ ክልከላ አለው።

አሁን «ጥሩ ለመናገር ነው» ወዳልከው ልምጣ። ሕጉ የሚጠይቀው ዋጋው ወደ ላይ ሄደ ወይስ ወደ ታች ብሎ አይደለም፤ የነዋሪውን ማንነት ከቁጥር አስገብተሃል ወይ ብሎ ነው። የኛ ሰው መኖሩ ዋጋ ይጨምራል ካልን፣ የሌላው መኖር ይቀንሳል የሚለውን በር ከፍተን ሰጠን ማለት ነው። ሙያው በዚያ በር ገብቶ ያውቃል። በ1930ዎቹ ሰፈሮችን በቀይ ቀለም የለዩት የመንግሥት ካርታዎች የነዋሪውን ዘር እንደ ዋጋ መለኪያ ይቆጥሩ ነበር። የገማቾች መማሪያ መጻሕፍትም ይህንኑ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ የፍትሕ ሚኒስቴር በ1976 የገማቾችን ማኅበር ከሶ በሚቀጥለው ዓመት በስምምነት እስኪያስወጣው ድረስ ቀጥለዋል።

በምትኩ የሚለካውን ጻፍ። «የችርቻሮ ንግድ ማዕከልና ግሮሰሪ በ0.4 ማይል፣ የሜትሮ ጣቢያ በ0.9 ማይል፣ አውቶቡስ በ2 ደቂቃ የእግር መንገድ» በቂ ነው። የሱቁ ባለቤት ከየት እንደ መጣ ለቤቱ ዋጋ የሚሠራው ሥራ የለም።

ተጠንቅቀህ የምታያቸው ሌሎች ቃላትም አሉ፦ «ተፈላጊ»፣ «ደኅንነቱ የተጠበቀ»፣ «ወንጀል የሚበዛበት»፣ «ጥሩ ትምህርት ቤት»፣ «ፕራይድ ኦፍ ኦውነርሺፕ» (ባለቤቱ የሚኮራበት)። ዘር አይጠሩም፤ ግን ልኬት የላቸውም፤ አንባቢው የፈለገውን ሰው በልቡ ይሞላባቸዋል። ለዚህ ነው የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይ ያለ ማስረጃ የሚጻፉ የግል አስተያየቶችን የሚከለክለው።

ቆንጂት_አፕሬዘር
ባለ ሜትር ያለው ላይ ስለ ፎቶ ልጨምር። ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ ቤቶች ሁሉ፣ ዋናው ሳሎን፣ የተጎዳና የታደሰ ነገር ይነሣል። ሰው፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕል፣ የተሰቀለ መስቀል ወይም የቁርኣን ጥቅስ መግባት የለበትም። ካሜራውን ወደ ወለሉና ወደ ካቢኔቱ አዙሩ፤ ካልተቻለ ሸፍኑት። ሪፖርቱን ከጠረጴዛው ሆኖ የሚገመግመው ሰው ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ከፎቶ ማወቅ አይገባውም።

ባለ_ሜትር
ወደ ኮምፕ እንግባ፤ ዋናው ክርክር ያለው እዚህ ነው። መጥፎ ቃል በሪፖርት ላይ የሚጽፍ ገማች ዛሬ ጥቂት ነው፤ ብዙው ክስ የሚነሣው ከቤቶች ምርጫ ነው።

በካሊፎርኒያ ማሪን ሲቲ የተነሣውን ጉዳይ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ጥቁር ባልና ሚስት ቤታቸው በ2021 መጀመሪያ 995 ሺህ ዶላር ተገመተ። ፎቶዎቻቸውን አውርደው ነጭ ጓደኛቸው ባለቤት መስላ ስትቀበል፣ ከሳምንታት በኋላ የመጣው ሌላ ገማች 1 ሚሊዮን 482 ሺህ 500 አለው። ከክሱ ጭብጦች አንዱ የመጀመሪያው ገማች ኮምፕ የፈለገበት ክልል ነበር። ጉዳዩ በ2023 በስምምነት ተዘጋ። በባልቲሞርም 472 ሺህ የተባለ ቤት በሁለተኛው ግመታ 750 ሺህ ሆኖ ወደ ክስ ሄደ፤ አበዳሪው በ2024 ተስማምቶ ወጣ። ልብ በሉ፣ ሁለት ገማች የተለያየ ዋጋ ማውጣቱ ብቻውን መድልዎን አያረጋግጥም። ከሳሽ ከልዩነቱ ተነሥቶ ወደ ምርጫው ይወርዳል፤ «እነዚህን ቤቶች ለምን ተውካቸው?» ይላል። መልሱ በወርክፋይልህ (የሥራው ማስረጃ በሚቀመጥበት ማኅደር) ውስጥ ካልተገኘ ነገሩ ያበቃል።

በምሳሌ እንየው። ቤቱ በ1962 የተሠራ፣ 4 መኝታ፣ ከመሬት በላይ 1,950 ስኩዌር ፊት፣ ኮሎኒያል በሚባለው ስልት የተሠራ ነው እንበል። በግማሽ ማይል ዙሪያ፣ በ12 ወር ውስጥ፣ ስፋቱ በ20 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ያለውን ስትፈልግ 11 የተሸጡ ቤቶች አገኘህ። ሰባቱ ከመንገዱ ምሥራቅ፣ አራቱ ከምዕራብ ናቸው። ሦስቱን ከምሥራቅ ወስደህ «መንገዱ የገበያ ወሰን ነው» ብለህ ጻፍክ። ወሰን መሆኑን ምን ነገረህ? የትምህርት ቤቱ ክልል ያው ከሆነ፣ የመሬቱ ስፋት ያው ከሆነ፣ በገበያ ላይ የሚቆዩበት ቀን ያው ከሆነ፣ መሐል ዋጋው በምሥራቅ 265፣ በምዕራብ 268 ዶላር በስኩዌር ፊት ከሆነ፣ ገዢው በሁለቱም በኩል እየዞረ ነው ማለት ነው። መንገዱ ወሰን የሆነው ለአንተ እንጂ ለገበያው አይደለም። ማዶ የሚኖረው ሰው የተለየ ዘር ከሆነ ደግሞ ከሳሽ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልገውም።

ዋጋው በእርግጥ ከተለያየስ? ያኔ ወሰን ነው፤ ምክንያቱን ግን በቁጥር አሳይ። ባቡር ሐዲድ፣ የተለየ የትምህርት ክልል፣ የተለየ የግብር አስተዳደር፣ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ክፍያ፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ እነዚህን አስቀምጥ። ፍለጋውን ያደረግክበትን መስፈርት፣ ቀኑንና የመጣውን ዝርዝር በሙሉ በፒዲኤፍ። ከዝርዝሩ የጣልከው እያንዳንዱ ቤት ጎን አንድ መስመር ምክንያት፦ «ከዘመድ ለዘመድ የተሸጠ»፣ «በባንክ የተወረሰ»፣ «ምድር ቤቱ (ቤዝመንቱ) ያልተሠራ»፣ «ሁለት እጥፍ መሬት»። ለቦታ ብለህ 20 ሺህ ከቀነስክ፣ 20 ሺውን ያወጣህበትን የጥንድ ሽያጭ ንጽጽር (በዚያ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሽያጮችን ማነጻጸር)። «በልምድ» የሚባል ምክንያት ጠበቃ ፊት አይቆምም። ዩስፓፕ ፋይሉ ቢያንስ 5 ዓመት፣ የምስክርነት ቃል የተሰጠበት ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ከተቋጨ በኋላ 2 ዓመት እንዲቀመጥ ያዛል፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ይይዛል።

አዲስ_ገበያ
ይቅርታ፣ እዚህ ላይ ልከራከር። ገማች የገበያው መስታወት ነው። ገዢ ለአንዱ ሰፈር አነስተኛ ዋጋ ከከፈለ ያንን መጻፍ እንዴት መድልዎ ይሆናል? በጥቁር ሰፈር ያለ ቤት ዝቅ ብሎ ሲሸጥ ገማቹ ከፍ አድርጎ ይጻፍ ነው የምትሉት? ያ ደግሞ ለአበዳሪው ማጭበርበር ነው።

ባለ_ሜትር
ከፍ አድርግ ያለህ የለም ወንድሜ። ሕጉ ራሱ ገማች ከተጠበቁት ሰባቱ ውጭ ያለውን ማናቸውንም ምክንያት ማገናዘብ እንደሚችል በግልጽ ይላል። የተሸጠውን ዋጋ እንዳለ ጻፍ። ሕጉ የሚይዝህ ከሽያጮቹ መሐል ስትመርጥና ስታስተካክል ነው።

ደግሞም መስታወቱ ሁሌ ቀጥ ያለ አይደለም። የፋኒ ሜይ አቻ የሆነው ፍሬዲ ማክ በ2021 ባወጣው ጥናት፣ ግመታው ከተዋዋሉበት ዋጋ በታች የወጣው ነጮች በሚበዙበት አካባቢ 7.4 በመቶ፣ ጥቁሮች በሚበዙበት 12.5፣ ላቲኖዎች በሚበዙበት 15.4 በመቶ ነበር። ልብ በል፣ እዚህ የሚነጻጸረው ገዢና ሻጭ በዚያው ሰፈር ከተስማሙበት ዋጋ ጋር ነው። ገበያው አንድ ዋጋ ብሎ፣ ግመታው ከዚያ ዝቅ አለ።

ሌላው የማየው ነገር የስሕተቶች አቅጣጫ ነው። ሰው ይሳሳታል። የተሠራ ምድር ቤት መዝለል፣ ሜትሩን ማሳጠር፣ ወጥ ቤቱ የታደሰን ቤት በሲ4 መመደብ (የቤት ሁኔታ ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሁኔታው ይቀንሳል)፣ የሽያጭ ጊዜ ማስተካከያ መርሳት፣ እያንዳንዱ ለብቻው ስሕተት ነው። አራቱም በአንድ ሪፖርት ወደ ታች ሲያጋድሉ ግን ዳኛ ስሕተት ነው ብሎ አያልፈውም። ለዚህ መድኃኒቱ ልኬት ነው። ከአፕሪል 2022 ጀምሮ ፋኒ ሜይ አንሲ ዜድ765 የሚባለውን የቤት ስፋት አለካክ ደንብ ያስገድዳል፦ ከውጭ ለክተህ፣ በኢንች ወይም በፊት አሥረኛ ይዘህ፣ ከመሬት በታች ያለውን ለብቻው ታስቀምጣለህ፤ አንዱ ግድግዳው ብቻ ከመሬት በታች ቢሆንም ወለሉ ያው ከመሬት በታች ነው። ለብቻው ማስቀመጥ ግን ዋጋውን መጣል አይደለም። በራሱ መስመር ዋጋውን ያግኝ። የሁኔታ ደረጃም እንዲሁ ነው፦ አንተው ባለፈው ዓመት ሲ3 ያልከውን ቤት ዛሬ ኮምፕ ስታደርገው ሲ2 ካልከው፣ የፋኒ ሜይ ኮምፒውተር ልዩነቱን አውጥቶ ለአበዳሪው ያሳያል።

ሕግ_አሌክሳንድሪያ
ሦስተኛውን ጥያቄ እኔ ልመልስ። አጠቃላይ ማብራሪያ ነው፤ ለተያዘ ጉዳይ የራሳችሁን ጠበቃ አማክሩ።

ሪፖርቱን የፈረመው ይጠየቃል። ተቆጣጣሪ ገማች ሲፈርም የሠልጣኙን ሥራ ሁሉ የራሱ አድርጎ ይወስዳል፤ «ኮምፑን የመረጠው ልጁ ነው» የሚል መከላከያ የለውም። ሠልጣኙም ነፃ አይደለም። ሰው በራሱ ለሠራው መድልዎ በግሉ ሊከሰስ ይችላል፤ ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) መክፈቱም አያስጥለውም። ሠልጣኙ የሠራው ሥራ በሪፖርቱ ማረጋገጫ ውስጥ መገለጽ ስላለበት ስሙ እዚያው ይገኛል።

ድርጅቱ ለሠራተኛውና ለወኪሉ ድርጊት ይጠየቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2003 በሜየርና በሆሊ ጉዳይ ይህንን አጽንቶ፣ ባለቤቱ ግን ባለቤት በመሆኑ ብቻ በግሉ እንደማይጠየቅ ለየ። ሥራውን የሚያከፋፍለው የግመታ ድርጅት «ገማቹ ኮንትራክተር እንጂ ሠራተኛዬ አይደለም» ማለቱ የማይቀር ነው፤ ያኔ የሚመረመረው ሥራውን ምን ያህል ይቆጣጠር እንደ ነበር ነው። አበዳሪው ደግሞ በራሱ በር ይገባል፦ በፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ደንብ መሠረት ግመታው ዘርን ወይም ሌላውን የተጠበቀ ነገር እንዳገናዘበ እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ከተጠቀመበት ጥፋቱ የሱ ነው። ባለ ቤቱ ቅሬታ ጽፎ አበዳሪው ዝም ሲል «አላወቅኩም» የሚለው መከላከያ ይጠፋዋል።

ጊዜውን ያዙ። ለፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር አቤቱታ የሚቀርበው በ1 ዓመት ውስጥ፣ ለፍርድ ቤት በ2 ዓመት ውስጥ ነው፤ አቤቱታው ሚኒስቴሩ ዘንድ ያለበት ጊዜ ከሁለት ዓመቱ ላይ አይቆጠርም። ከሳሽ ከረታ የደረሰበትን ጉዳት ካሳ፣ የመቅጫ ካሳና የጠበቃ ወጪ ሊያገኝ ይችላል። በዘር ከሆነ የ1866ቱን የሲቪል መብት ሕግም ደርቦ ይከሳል።

«ሆን ብሎ ካልሆነስ?» ለሚለው፦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ሐሳብ ባይኖርም ውጤቱ አንድን ወገን ለይቶ የሚጎዳ አሠራር በፌር ሃውዚንግ ሕጉ ሊያስከስስ እንደሚችል ወስኗል። በአፕሪል 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በዚህ ዓይነቱ ክስ ላይ እንዳይገፉ አድርጓል። ይህ ግን የግለሰብን ክስ አይዘጋም፤ የክልል ሕግንም አይነካም። በሜሪላንድ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን፣ በዲሲ የሰብአዊ መብቶች ቢሮ፣ በቨርጂኒያ የፌር ሃውዚንግ ቢሮ አሉ። ከነዚህ ሁሉ ውጭ ፈቃድ ሰጪው ቦርድ አለ፤ ለቦርዱ አቤቱታ ለማቅረብ ጠበቃ እንኳ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ የኢ ኤንድ ኦ (የሙያ ስሕተት) ኢንሹራንሳችሁን «የማይሸፍነው» የሚለውን ገጽ ዛሬ አንብቡ። ብዙዎቹ መድልዎን ጨርሶ አይሸፍኑም፣ ወይም የጠበቃ ወጪን ብቻ ከፍለው ካሳውን ለእናንተ ይተዋሉ።

ቆንጂት_አፕሬዘር
ስለ ክልል ሕግ ከተነሣ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከ2020 ጀምሮ የገቢ ምንጭም የተጠበቀ ነው፤ በዲሲም የተጠበቀ ነው። ስለዚህ የኪራይ ቤት ስንገምት «ተከራዮቹ በቫውቸር (በመንግሥት የኪራይ ድጎማ) የሚከፍሉ ናቸው» ብሎ ዋጋ መቀነስ አይሠራም። የውሉን ኪራይና የገበያውን ኪራይ አነጻጽሮ ማለፍ ነው።

ጎረቤት ያለ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ቤትም ያሳስታል። «ግሩፕ ሆም አጠገብ ስላለ» ብሎ ከዋጋ መቀነስ ነዋሪዎቹን መመዘኛ ማድረግ ነው። የዊልቸር መወጣጫ ግን አካላዊ ነገር ነው። ገበያው ዋጋ ከሰጠው ወይም ለማንሣት ወጪ ካስከተለ በማስረጃ ይጻፋል። 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የተለየ መንደር ከሆነም እንደዚያው፦ ቢያንስ 80 በመቶው ቤት አንድ 55 ዓመት የሞላው ሰው የሚኖርበት ሕጋዊ ገደብ ነው፤ ገደቡ ይጠቀሳል፤ ኮምፑም ከተመሳሳይ መንደር ይፈለጋል። «ሽማግሌዎች የሚኖሩበት ጸጥ ያለ» ማለት ግን ሌላ ነው።

የቤት_ባለቤት_ቪኤ
በባለቤት በኩል ያለነውስ? ሪፋይናንስ ሲደረግ (የቤቱ ብድር በአዲስ ብድር ሲተካ) ግመታው ዝቅ ብሎ ቢመጣ፣ መድልዎም ቢጠረጠር፣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል? ፎቶና ሥዕል ማውረድ አለብን?

ብድር_ክፍል
እህቴ/ወንድሜ፣ ቤትዎ ነው፤ ማውረድ ግዴታዎ አይደለም። ሕጉ ጥንቃቄውን የጣለው በገማቹ ላይ ነው።

የሚደረገው ይህ ነው። ሪፖርቱን ይቀበሉ፤ አበዳሪው እንዳለቀ ወዲያው፣ ቢዘገይ ደግሞ ከክሎዚንግ (ብድሩ ተፈርሞ ከሚዘጋበት ቀን) 3 የሥራ ቀን በፊት ሊሰጥዎ ግዴታ አለበት። ከዚያ ስሜቱን ወደ ጎን አድርገው ሐቁን ያጣሩ። ስፋቱ ትክክል ነው? የመኝታና የመታጠቢያ ቤት ብዛቱ? ምድር ቤቱ ገብቷል? እድሳቱ ከነዓመቱ ተጽፏል? ኮምፖቹ ከዓይነትዎ ናቸው?

ቀጥሎ «ሪኮንሲደሬሽን ኦፍ ቫልዩ» የሚባለውን፣ ዋጋው እንደገና እንዲታይ የሚቀርብ ጥያቄ ለአበዳሪው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ለገማቹ በቀጥታ መደወል የለም። በፋኒ ሜይና በፍሬዲ ማክ ደንብ፣ ከኦገስት 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለቀረቡ ማመልከቻዎች፣ ተበዳሪው በአንድ ግመታ ላይ አንድ ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ ከ5 ያልበለጡ ኮምፖች ከነመረጃ ምንጫቸው ማያያዝም ይፈቀድለታል። አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ተቻኩለው አይላኩት። ዚሎ የሚባለውን የኢንተርኔት ገጽ ግምት ማያያዝ ጥቅም የለውም። ገና ለሽያጭ የቀረበ ቤትም ደካማ ነው፤ ግመታው ከተደረገበት ቀን በፊት ሽያጩ የተዘጋ ይሁን። ለእያንዳንዱ ቤት «ይህ ከተጠቀሙበት ኮምፕ 2 የሚሻለው በ0.3 ማይል ስለሚቀርብና ያው የትምህርት ክልል ውስጥ ስለሆነ ነው» ብለው ይጻፉ። ከክሎዚንግ በኋላ በሩ ይዘጋል።

መድልዎ ከጠረጠሩ እዚያው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ገማቹ የተናገረው ካለ ቃሉን እንዳለ፣ ከቀንና ሰዓት ጋር። አበዳሪው በጽሑፍ ካየው በኋላ እንዳላየ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ ግመታ ሲያዝ ደግሞ ገማቹን ይህን ያህል ቁጥር አምጣ ማለት በ2010ሩ የዶድ ፍራንክ ሕግ የተከለከለ ነው። ተጨማሪ ሽያጭ እንዲያይ፣ ስሕተት እንዲያርም፣ እንዲያብራራ መጠየቅ ግን ይፈቀዳል።

ግመታው በኮምፒውተር ብቻ ከሆነም ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ደንብ አበዳሪዎች ሞዴላቸው የመድልዎ ሕጎችን እንዲያከብር ቁጥጥር እንዲያበጁ ያዛል። «ማሽኑ ነው ያለው» መልስ አይሆንም።

አዲስ_ገበያ
ስለ አቅጣጫው የተነሣው ነጥብ ገብቶኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሪኮንሲደሬሽን ሲመጣ ዋጋው ባይለወጥስ ምን ይጻፋል?

ባለ_ሜትር
«አይቻለሁ፣ አልተለወጠም» ብቻ አይበቃም። የቀረቡልህን ቤቶች አንድ በአንድ ጠርተህ ለምን እንደማይሆኑ ጻፍ፤ ከነሱ አንዱ የሚሆን ከሆነ አስገባው። የሰፈሩ ክፍል ላይ የጻፍከውንም በዚያው ደግመህ አንብብ። ከሳሽ የሚያነበው ሁለቱንም እትም ጎን ለጎን አድርጎ ነው።

ለሠልጣኞች፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ፈቃድ ለማግኘት ስለ ግመታ አድልዎና ስለ ፌር ሃውዚንግ የ8 ሰዓት ትምህርት መውሰድ ግዴታ ነው። ፈቃድ ላለን በመጀመሪያው ዙር 7፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ 4 ሰዓት ነው። የክልላችሁን ቀን ከቦርዱ አረጋግጡ።

ሠልጣኝ_ሜሪላንድ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እንዲህ አድርጌ ልጽፈው ነው፦ «ግሮሰሪና ችርቻሮ ንግድ በ0.4 ማይል፣ የአውቶቡስ መስመር በ2 ደቂቃ፣ የሜትሮ ጣቢያ በ0.9 ማይል። ባለፉት 12 ወራት በግማሽ ማይል ውስጥ 11 ተመሳሳይ ቤቶች ተሸጠዋል፤ በመንገዱ ሁለቱም በኩል ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ ኮምፖቹ ከሁለቱም በኩል ተወስደዋል። ለቤተሰብ የሚመች መናፈሻ በ0.2 ማይል።»

ባለ_ሜትር
«ለቤተሰብ የሚመች» የምትለዋን አውጣት፤ የቤተሰብ ሁኔታ ከሰባቱ አንዱ ነው። «መናፈሻ በ0.2 ማይል» ብቻ በለው። ሌላው ይሂድ።